ሲነቃ የሚወድቅ ላፕቶፕ ወዲያው ፎርማት አይደረግም

አቃቂ ቃሊቲ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪ ይቀጥላል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱ «ሃይበርኔት» ይሆናል። መብራት ሲመጣ አንዳንዱ አይነቃም፤ ስክሪኑ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ጥገና ቤት ሲወሰድ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ኮፒ ላልያዘ ተመራቂ ይህ የመመረቂያ ጽሑፉን መቅበር ነው።

ሃይበርኔት ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋል። የተጻፈው ፋይል ከተበላሸ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ ካልተስማማ ሲነቃ ይወድቃል። ሃይበርኔትን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ፋይሉን እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፤ ድራይቨር ማደስም ከባድ ሥራ አይደለም። (ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» ከበራ «ሸት ዳውን» ራሱ ከፊል ሃይበርኔት ነው፤ ከዜሮ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» ነው።) ይህን ሳይሞክር ፎርማት የሚያደርግ ጠጋኝ ገንዘብ ሊቀበል አይገባም። ዊንዶውሱ እምቢ ቢል እንኳ ዲስኩ ደህና ከሆነና ካልተቆለፈ፣ ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ጽሑፉን መገልበጥ ይቻላል።