ስለ መብራት ሒሳብና ስለ ፀሐይ ኀይል

በቅርቡ በደብረ ማርቆስ ከተማ ወደ አንድ ግቢ ለጥየቃ በሄድን ጊዜ፥ የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናትና በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ እግር ሴት በመብራት ሒሳብ ነገር ሲነጋገሩ ደረስን። «እማማ፥ እኔ ያለችኝ አንዲት አምፑል ናት፤ የምከፍለው ግን ከሁሉም እኩል ነው» ትላለች ተከራይዋ። «ልጄ፥ እኔስ ከየት አመጣዋለሁ? የዛሬ ዓመት የከፈልነውና የአሁኑ አይገናኝም» ይላሉ እናት። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «ይህን ሶላር የሚሉትን ገዝቼ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ብገላገል ምን ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ መሆኑን ስለ ተረዳን፥ በዚህ ወር ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን።

በመጀመሪያ ሒሳቡ ስለ ምን እንደ ጨመረ ማወቅ ይገባል። የመብራት ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ በአራት ዓመት እንዲፈጸም የታቀደ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ አንድ ቤት ከቀድሞው ምንም ሳይጨምር ቢጠቀም እንኳ የሚከፍለው ገንዘብ ከፍ ይላል። «ዓባይ ተገድቦ ሳለ መብራት ስለ ምን ይወደዳል?» የሚል ብዙ ነው፤ በተለይም ወንዙ አገሩን የከበበው የጎጃም ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኀይሉ ከግድቡ እስከ ቤታችን የሚደርሰው በምሰሶ፥ በሽቦ፥ በትራንስፎርመርና በቆጣሪ ነው፤ ከእነዚህም ብዙው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። የፀሐይ ሰሌዳውም ከውጭ የሚመጣ ነውና ከዚህ ውድነት አላመለጠም።

ሁለተኛው ነገር፥ የቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ መሆኑ ነው። ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈጀው ኀይል ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ዋጋው ይከብዳል። እንግዲህ ሦስትና አራት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፥ ቆጣሪው የሁሉንም ደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ለብቻዋ ብትሆን በዝቅተኛው ዋጋ የምትከፍል ተከራይም የሌላውን ሸክም ትሸከማለች።

አሁን ወደ ቤቱ ዕቃ እንምጣ። የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፑል አራት ሆኖ በየቀኑ 5 ሰዓት ቢበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ኤልኢዲ የሚባለው ባለ 9 ዋት አምፑል በዚያው ቍጥርና ሰዓት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አያልፍም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ለሁለት ሰዓት ቢሰካ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት 56 ይሆናል። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ምጣዱ ብቻውን ቤቱን ከዝቅተኛው ደረጃ ያወጣዋል ማለት ነው።

ፀሐይ ይህን ልትሸከም ትችላለችን? በአገራችን 100 ዋት የሆነ አንድ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን፥ የሚባክነው ተቀንሶ፥ 400 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይህም ለአራት ኤልኢዲ አምፑል፥ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። አንድ ቀን እንጀራ ለመጋገር ግን ያው ሰሌዳ ከ17 ቀን በላይ የሚሰበስበው ኀይል ያስፈልጋል። ለምጣድ የሚሆን ሰሌዳ፥ ባትሪና ኢንቨርተር ማቆም የሚቻል ቢሆንም፥ ዋጋው ከመካከለኛ ቤተ ሰብ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ይቀንስልኛል ብሎ ምጣዱን ሳይመለከት ሶላር የሚገዛ ሰው፥ ነገሩ ከእጅ የማይሻል ዶማ ይሆንበታል። መብራት በጠፋ ሌሊት ልጆቹ እንዲያጠኑ፥ የታመመ ሰው በጨለማ እንዳያድር ብሎ የሚገዛ ግን ጥሩ ገዛ። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል፤ የኩራዝን ጢስ ከቤት ያስወጣልና።

መግዛቱ ከተቈረጠ ጥቂት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰሌዳው የሚፈልገው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለደብረ ማርቆስ ብርዷ እዚህ ላይ ይጠቅማታል። ፊቱ ጥቂት ዘንበል ብሎ ወደ ደቡብ ይዙር፤ የዛፍ ጥላ አይረፍበት፤ ከቆርቆሮው ጋር ሳይጣበቅ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት፤ በበጋ አቧራው ይጠረግ። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ ምርቱ እንደሚያንስ አስቀድሞ ይታሰብ። ሰሌዳው በደኅና ቢያዝ 25 ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ባትሪው ግን ቀድሞ ያረጃልና ለመተኪያው ገንዘብ ማስቀመጥ ነው። ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ያለ ባለሞያ አይሞከር፤ ለቤተ ሰቡም፥ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ለሚሠራውም ሰው አደጋ አለው።

ምጣዱን በተመለከተ የሚቀረን ብልኀት የእናቶቻችን ብልኀት ነው። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢወስድ፥ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኀይል አንድ እንጀራ ሳይወጣበት ይሄዳል። ስለዚህ ሊጡ ኩፍ ሳይል፥ ማሰሻውና አክንባሎው ሳይቀርብ ምጣዱ አይሰካ። በአንድ ግቢ ያሉ ሴቶች ቀን ተነጋግረው በጋለው ምጣድ በተራ ቢጋግሩ፥ ማጋያው ለሁሉም አንድ ይሆናል። የመጨረሻው እንጀራ ሊወጣ ሲቃረብም ነቅሎ በቀረው ግለት መጨረስ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ከነገርናቸው በኋላ ወረቀት አምጥተን በግቢው ያለውን ዕቃ በየተራ ቈጠርን። የተከራይዋ አምፑል ባለ 9 ዋት ሆና በቀን 5 ሰዓት ብትበራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላችም። የእናት ምጣድ ግን 56 ሆነ። እናት ቍጥሩን ዝም ብለው ተመለከቱና፥ «ለካ ይህቺ ልጅ የእኔን እንጀራ ስትጋግር ኖራለች» አሉ። ከዚያ ወር ጀምሮ ሒሳቡ በእኩል መከፈሉ ቀርቶ በየሰው አጠቃቀም እንዲሆን ተስማሙ፤ ተከራይዋም በእማማ ምጣድ በተራዋ ልትጋግርና ድርሻዋን ልትከፍል ተነጋገሩ። ሶላሩ ለጊዜው ቆየ።

እኛም ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህንኑ ነው። ገንዘብ አውጥታችሁ ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ከቤተ ሰባችሁና ከተከራዮቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የየዕቃውን ዋትና ሰዓት ቍጠሩ። ፀሐይ ሒሳባችሁን የምታቃልልበት ጊዜ ይኖራል፤ ጎረቤታችሁ ያለ አግባብ የተሸከመውን ሸክም ግን ዛሬውኑ ልታወርዱለት ትችላላችሁ።