ብስክሌት ነጂ በመኪናዎች መካከል ስለሚያልፍበት ሥርዓት

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ዛሬ ከቤት ደጃፍ ወጥተን ስለ መንገድ ጥቂት ቃል ልንናገር አሰብን። ልጅ በቤቱ የተማረው ጨዋነት የሚፈተነው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነውና፥ የመንገድ ነገር የቤተ ሰብም ነገር ነው። ይልቁንም ዛሬ የምንናገረው ስለ ብስክሌት ነው። መኪናዎች ቆመው ወይም እያዘገሙ ሳሉ ብስክሌት ነጂ በመካከላቸው ሾልኮ ማለፉ ሕግ ይፈቅድለታልን? ከአደጋስ የራቀ ነውን? ለጨዋ ሰውስ የሚገባ ነውን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ነገሩን ለማስረዳት በምሥራቅ ጎጃም ያሉትን ሁለቱን ከተሞች፥ ቢቸናንና ሞጣን እንውሰድ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ፥ ለነዚህ ከተሞች የሩቅ አገር ጎዳናም የከተማ አደባባይም ነው። እህል የጫነ ከባድ መኪና፥ መንገደኛ የሞላበት አውቶቡስ፥ ባጃጅ፥ ጋሪ፥ የተጫነ አህያ፥ ለገበያ የሚነዳ በግ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፥ ነጠላዋን ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን የምትመጣ እናት፥ ሁሉም በዚያው መንገድ ይገናኛሉ። በገበያ ቀን አንድ አውቶቡስ ሰው ለማውረድ የቆመ እንደ ሆነ፥ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ባለ ብስክሌቱ ወጣት ግራና ቀኝ ይመለከትና፥ ሰውነቱን የሚያሳልፍ ክፍተት ሲያገኝ ይገባበታል። እርሱ የሚያስበው ጥቂት ደቂቃ ማትረፉን ነው፤ ብዙ ጊዜም በደኅና ያልፋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በደኅና ማለፉ ራሱ ያታልለዋል፤ ክፍተት ሁሉ መንገድ መስሎ ይታየዋልና።

አስቀድመን ስለ ሕግ እንናገር። ብዙ ሰዎች ብስክሌትን እንደ ልጆች መጫወቻ ይቈጥሩታል፤ ሕግ ግን እንዲህ አይመለከተውም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፥ ነጂ የሚለው ስም ለባለ መኪና ብቻ ሳይሆን ለባለ ብስክሌትም እንደ ሆነ ይገልጻል። ነጂ የተባለ ሰው ደግሞ የነጂ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቀይ መብራት ሲበራ ወይም የትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሣ፥ ባለ ብስክሌት «እኔ መኪና አይደለሁም» ብሎ በቆሙት መኪናዎች ጎን አልፎ ሊሄድ አይገባውም።

በአገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪ ሁሉ ቀኙን ይዞ እንዲሄድ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚኬደው በግራ ነበር። ቀኝን ይዞ በሚኬድበት አገር፥ ሌላውን የሚቀድም ሰው በግራ በኩል ማለፉ የታወቀ ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ አገር በ2014 ዓ.ም. የታደሰው የመንገድ መመሪያ፥ ብስክሌት ነጂ የቆሙትን ወይም የሚያዘግሙትን መኪናዎች በግራም በቀኝም ሊያልፍ እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን ይህን ሲፈቅድ፥ በጥንቃቄ ይሁን፥ ይልቁንም በትልልቅ መኪናዎች አጠገብ ይጠንቀቅ፥ እያለ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ነገሩ በተፈቀደበት አገር እንኳ ፈቃዱ የተሰጠው ለሚጠነቀቅ ሰው እንጂ ለሚቸኵል ሰው አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን አንድ ነገር አለ። የቆመ መኪና ያለ ምክንያት አይቆምም። ምናልባት የቆመው እግረኛ ለማሳለፍ ይሆናል። ከፊቱ የምታልፈውን አሮጊት ሾፌሩ ያያታል፤ ከመኪናው ጎን የሚሾልከው ባለ ብስክሌት ግን አያያትም፥ እርስዋም አታየውም። በዚህ ምክንያት የቪየናው ስምምነት፥ በእግረኛ ማቋረጫ ፊት የቆመውን መኪና ማለፍ የሚችለው ወዲያው ለመቆም በሚያስችል ቀስተኛ አካሄድ የሚሄድ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ባለ ብስክሌት በመኪና ፊት ደካማ ነው፤ በአሮጊት ፊት ግን ኀይለኛ እርሱ ነው። ይህን የሚረሳ ሰው፥ ሌላው ለራሱ እንዲራራለት እየለመነ እርሱ ለሌላው የማይራራ ይሆናል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚመጣውንም ነገር የቤት አባትና እናት ሊያውቁት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ለጉዳቱ የተጎጂው ጥፋት ያለበት እንደ ሆነ፥ የካሣው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይህም ሆነ ያ፥ ካሣ ለቤተ ሰብ ብር ይሰጣል እንጂ ልጅ አይመልስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አደጋ ነው። ሾፌሩ የተቀመጠው በግራ በኩል ስለ ሆነ፥ በከባድ መኪና በስተ ቀኝ ዐይኑ የማይደርስበት ሰፊ ቦታ አለ። ባለ ብስክሌቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያው በቀኝ፥ በመኪናውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ነው። መኪናው ወደ ቀኝ የታጠፈ እንደ ሆነ፥ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፍለጋ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቈርጣል። ያን ጊዜ ሰፊ የነበረው ክፍተት ይጠብና ለባለ ብስክሌቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ለልጆቻችን ይህን ምልክት እናስተምራቸው፤ የሾፌሩን ፊት በመስተዋቱ ውስጥ ካላየህ፥ እርሱም አንተን አላየህም። ያላየህ ሰው ሊጠነቀቅልህ አይችልምና፥ ከኋላው ቆይ።

የመኪና በርም ሌላ አደጋ ነው። የተከፈተ በር ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ሚኒባስና አውቶቡስ ሰው የሚያወርዱት በቀኝ በኩል ስለ ሆነ፥ በቆመ አውቶቡስ ቀኝ የሚያልፍ ብስክሌት በሚወርደው መንገደኛ ላይ ይወድቃል። በዚህ በኩል ፈጽሞ አለመግባት ይሻላል።

ፍጥነትንም በቍጥር እናስበው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በያንዳንዱ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ቢያልፍ፥ ገና ፍሬን ሳይያዝ የአንድ ባጃጅ ርዝመት ሙሉ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። በመኪናዎች መካከል ለማለፍ ግድ የሆነበት ሰው እንግዲህ በእግረኛ ፍጥነት ይሂድ፤ ሁለቱም እጆቹ በመሪው ላይ፥ ጣቶቹም በፍሬኑ ላይ ይሁኑ። የቆሙት መኪናዎች መንቀሳቀስ የጀመሩ እንደ ሆነም፥ መሾለኩን ትቶ እንደ አንዱ ተሽከርካሪ በሰልፉ ውስጥ ተራውን ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወጣቶች ዳገት ሲወጡ በጭነት መኪና ኋላ ወይም ጎን ይዘው መንጠልጠላቸው ነው። ይህን የቪየናው ስምምነት በግልጥ ከልክሎታል። መኪናው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ወይም ከጕድጓድ ለመዳን ቢታጠፍ፥ የተንጠለጠለው ልጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? ድካም የበዛበት ልጅ ከብስክሌቱ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ቢገፋው፥ ምንም ነውር የለበትም።

ወጣቶች ምናልባት የታወቁትን ተወዳዳሪዎች ስም ይጠሩልን ይሆናል። እውነት ነው፤ አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ መጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል፥ እነ ገረመው ደምቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው በጠባብ ክፍተት ያልፋሉ። ነገር ግን በውድድር ቀን መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪ ይዘጋል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሁሉም የብዙ ዘመን ልምምድ ያለው ነው። በገበያ ቀን የቢቸና መንገድ ግን እንዲህ አይደለም፤ አህያይቱም በግዋም ውድድር መኖሩን አያውቁም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጨዋነት ነው። አባቶቻችን ለመንገድ ሥርዓት ነበራቸው። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ታላቅ ሰው ሲያገኝ፥ ለቅሶ ላይ ሲደርስ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ይወርድ ነበር። መውረዱ ክብሩን አይቀንስበትም፤ እንዲያውም የጨዋ ልጅ መሆኑ በዚህ ይታወቅለት ነበር። የዛሬም ባለ ብስክሌት ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ወርዶ ብስክሌቱን ቢገፋ፥ የአባቶቹን ወግ ጠበቀ ይባላል እንጂ ፈሪ አይባልም። ደወሉም «መጥቻለሁ» ብሎ ለማስታወቅ ነው እንጂ፥ አዛውንትን ከመንገድ ለማባረር አይደለም። ቦታ ለለቀቀለት ሾፌርም እጁን አንሥቶ ማመስገን ይገባዋል።

የሞጣ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ ያለው ጥንታዊ ድልድይ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፥ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ሲጠራ፥ ብዙ ዘመን ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። በዚያ ገመድ የሚሻገር ሰው ከወዲህና ከወዲያ የቆሙት ሰዎች ሳያዩትና ሳይስማሙ አንድ እርምጃ እንኳ አይሄድም ነበር። ጠባብ ስፍራ የሚታለፈው በመስማማት ነው። በሁለት መኪናዎች መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ ነው፤ ሰውነታችን ስለሚያልፍበት ብቻ የኛ አይሆንም፤ የኛ የሚሆነው በዚህም በዚያም ያሉት ሰዎች አይተውን ሲጠብቁን ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ለልጃችሁ ብስክሌት ስትገዙለት ከቁመቱ ጋር የሚስማማ፥ ተቀምጦም እግሩ መሬት የሚደርስለት ይሁን። ፍሬኑን በየሳምንቱ መርምሩ፤ ደወልና የማታ መብራት አይጕደሉበት፤ ራሱን የሚጠብቅ ቆብም ይኑረው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ቶሎ ና» ብላችሁ አትላኩት። ልጅ በመኪናዎች መካከል የሚሾልከው ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚቈጣ ሰው እንዳለ ስለሚያስብ ነው። «ብትዘገይ አንቈጣህም፤ በደኅና ና» የሚል የእናት ቃል ከብዙ ደንብ ይልቅ ይጠብቀዋል።

እናንተም መኪና ያላችሁ ወይም በመንግሥት ሥራ መኪና የተሰጣችሁ ሆይ፤ በር ከመክፈታችሁ በፊት በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬቻ አሳዩ፤ ባለ ብስክሌቱን በጥሩምባ አታስደንግጡት። ከአጠገቡ ስታልፉም ከአንድ ሜትር ያላነሰ ስፍራ ተዉለት። በብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብረት ለሌለው ሰው ሊያስብለት ይገባል።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በታደሱት ጎዳናዎች ለብስክሌት ብቻ የተለየ መስመር ተሠርቷል፤ ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። አንድ መንገድ ለሁሉ በሚሆንበት ከተማ ግን፥ እንዲህ ያለ መስመር እስኪሠራ ድረስ መስመሩ የሰው ጠባይ ነው። ይህም መስመር ቀለም አያስፈልገውም፤ የሚሠመረው በየቤቱ፥ በአባትና በእናት ምክር ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን ፈጥኖ መሄድን ከማስተማራችን በፊት መቆምን እናስተምራቸው፤ መቆም የሚያውቅ ልጅ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳልና።