ስንተኛ ወጣህ?

ካርዳችንን ተቀብለን ቤታችን ስንደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብልን ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። እኔም ዘንድሮ ሁለተኛ ወጥቼ እጅግ አዝኜ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ ስለ ሆነ ለአንባብያን ላቅርበው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ያሻ ሃይፌትዝ በቫዮሊን፣ ዊልያም ፕሪምሮዝ በቪዮላ፣ ኢማኑኤል ፎየርማን በቼሎ ሆነው ሞዛርት በ1788 የደረሰውን የሦስት ባለ አውታር መሣሪያዎች ሙዚቃ በሸክላ አስቀረጹ። ሃይፌትዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ስመ ጥር ነበር። ፎየርማን በ16 ዓመቱ በኮሎኝ ከተማ ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ በ1933 ናዚዎች አይሁዳዊ በመሆኑ በበርሊን ከነበረው መምህርነቱ አባረውታል። ፕሪምሮዝ ግን ቫዮሊን ተጫዋች ሳለ፣ መምህሩ ኢዛዬ ስለ መከረው ወደ ቪዮላ ተሻገረ። ቪዮላ እንደ ቫዮሊን ዜማውን አዘውትሮ አይመራም፤ በመካከል ሆኖ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ ያስማማል። ሰው ሁለተኛ ስፍራ ብሎ ይናቀው እንጂ፣ እርሱ ቢጎድል ሙዚቃው ይፈርሳል።

ይህን የምለው ስንፍናን ለመሸፈን አይደለም። ፕሪምሮዝ ቪዮላን የያዘው ቫዮሊን አቅቶት አልነበረም፤ በያዘውም ተግቶ ስለ ሠራ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክ ኮንቼርቶ ይጽፍለት ጀመር። ባርቶክ በ1945 ሳይጨርሰው ቢሞትም፣ ሌላ ሰው አሟልቶት ፕሪምሮዝ በ1949 ለሕዝብ አሰማው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በአንድ ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ግን ብዙ ነው። እናንተም ወላጆቻችን «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ ስትጠይቁን፣ «ጓደኛህንስ በምን ረዳኸው?» የሚለውን ብትጨምሩልን መልካም ነው እላለሁ።