መርፌው በእኛ እጅ፣ ቁልፉ በሰው እጅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ገዢዎቻችን ግን በሰው ወርቅ ደምቀናል እያሉ ስንት ሪባን ቆረጡ! በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ኢሕአዴግ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስመረቀ። በ2011 ዓ.ም. ተራው የደብረ ብርሃን ሆነ። ለመንዝና ለመርሐቤቴ ልጆች ቅርቡ የፓርክ በር ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ ሸሚዙን ባገሩ ላሰፋ ቢል የሠራተኛው ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ሥራውን አውጥቶ ጉልበት ወደረከሰበት አገር ይልካል። «አውትሶርሲንግ» የሚሉት ይኼንኑ ነው። በራሱ ኃጢአት የለበትም። ባንግላዴሽም ቬትናምም በዚሁ መንገድ ሄደው ብዙ ሕዝባቸውን ሥራ አስይዘዋል። ከዘመሮ ደብረ ብርሃን ወርዳ የራሷን ደመወዝ ለምትቆጥር ልጅም ቀላል ነገር አይደለም። ሙያ ይገኛል፣ ዶላር ይገባል። ይኼን የሚክድ ምቀኛ ነው።

ለመሆኑ እኛ ምን ይዘን ገበያ ወጣን? ርካሽ ጉልበት! የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የልብስ ሰፊዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር! ከ26ቱ ዶላር ላይ የቤት ኪራይ፣ ሽሮና በርበሬ ሲነሣ ለእናት የሚላክ ምን ይተርፋል? ልጆቹም እየጣሉ ወጡ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር ያው ጥናት ይናገራል። አሠልጥኖ መበተን፣ እንደገና ማሠልጠን! እንግዲህ ርካሹ ጉልበት ለአሠሪውም አልረከሰለትም ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ ይመጣል፤ ሞዴሉ የፈረንጅ ነው፤ ገዢውም ፈረንጅ ነው። ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባው አጎዋ በተባለው፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካኖች ሕግ ነበር። የእኛ የነበረው እጅ ብቻ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ዋሽንግተን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ከሰሰችንና ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሩን ዘጋችው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች እሱንም አልጠበቀም። ገና በኅዳር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኩባንያው ሌላ አገር አለው፤ ባለሥልጣኑም ወንበር አለው። ሰፊዋስ? ጦርነቱን እሷ አላወጀች፣ ሕጉን እሷ አልሻረች፤ ዕዳውን ግን እሷ ከፈለች።

መንዝን እንይ። እናት የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ሸማኔው ባናና ዝተት ይሠራል። በጉ የራስ፣ እንዝርቱ የራስ፣ ገበያው የራስ። ገቢው ትንሽ ነው፤ ባናውም ኒውዮርክ አይደርስም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ በመጣ ደብዳቤ አይዘጋም። ወደ እንዝርት እንመለስ ማለቴ አይደለም። ፋብሪካ ሲመጣ ጥጡም፣ ጠጉሩም፣ ክሩም ካገር ቤት ይሁን ነው የምለው። ሥር ያለው ነገር በአንድ ቀን ተነቅሎ አይሄድም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም አዟል። ታዲያ ፒቪኤች ጓዙን ሲጠቀልል ዝቅተኛው ደመወዝ ገና በቁጥር አልተቀመጠም ነበር። አዋጅ ለመሳቢያ ነው እንዴ የሚወጣው? መንግሥት ለባለሀብት መሬት፣ ሼድና የግብር እፎይታ ሲሰጥ፣ በምላሹ በባንክ የተያዘ የስንብት ዋስትና ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል? ውሉስ ለምን ለሠራተኛው በግልጽ አይነገርም?

ፈረንጅ ለትርፉ መጥቷል፤ ትርፉ ሲቀር ይሄዳል፤ ንግድ ነው። እሱን መውቀስ ከንቱ ነው። የሚወቀሰው መውጫውን ሳያበጅ መግቢያውን ብቻ በሪባን ያስጌጠው የራሳችን መንግሥት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሐዋሳ እንዳይደገም ጊዜው አሁን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል!