ሳክስፎን በዓይን አይገዛም

ባለሙያ ለመሆን የቆረጠ ወጣት ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንዲህ ነው፦ «አዲስ ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ ይሁን፣ ረከስ ያለ ይሁን።» በእኔ እምነት ይህ ትዕዛዝ ከጅምሩ የተሳሳተ ነው።

የርካሹ ሳክስፎን ቁልፎች ቶሎ ይጣመማሉ፤ ቅኝቱም ይዛነፋል። በደንብ የተያዘ አሮጌ የባለሙያ ዕቃ ይሻላል። የፈረንሳዩ ሰልመር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ማርክ ስድስት ዛሬም መድረክ ላይ ይነፋል። ይሁን እንጂ አሮጌ ሆኖ እንደ አዲስ የሚያበራ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ሲፋቅና ሲወለወል ብረቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይታይ? ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ ቱቦው አስገቡና ቁልፎቹን ዝጉ። ብርሃን ከሾለከ አየርም ይሾልካል፤ የቁልፎቹ ቆዳ መቀየር አለበት ማለት ነው። ቀጥሎ የታችኞቹን ድምፆች በለሆሳስ ንፉ፤ እምቢ ካሉ ችግር አለ። ቅኝቱን ከታች እስከ ላይ በመለኪያ ፈትሹ። ለጥሩ ማውዝፒስም ገንዘብ አስተርፉ፤ የድምፁ ጠባይ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው።

«ዋናው ነፊው ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በቴነር ሳክስፎን ሲያወርደው የምንሰማው የሰውየውን ትንፋሽ ነው። የሚያፈስ ዕቃ ግን ያንኑ ትንፋሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ያለ ሳክስፎን ነፊ ሞክሮ ይፍረድ።