መመዝገቢያ የሚያስከፍል ቀጣሪ

መገናኛ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ሰሞኑን አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «አስቸኳይ! ከ8ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፣ ፆታ አይለይም፣ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ ደመወዝ በስምምነት።» የድርጅት ስምም ሆነ አድራሻ የለውም። ከግርጌው ስልክ ቁጥሩ ተደጋግሞ ተጽፎ በመቀስ ተሸንሽኗል፤ ገና ሳይረፍድ ግማሹ ተገንጥሎ ተወስዷል።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ «የሚታለለው ስግብግብ ብቻ ነው» ከሚሉት ጋር ያለው ሙግት የቆየ ነው። ተመርቆ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሥራ መፈለጉ ስግብግብነት አይደለም። ሙግቱ እዚህ ላይ ያብቃ።

የእንዲህ ዓይነቱ ማስታወቂያ አካሄድ የታወቀ ነው። የደወለው «ሲቪህን ይዘህ ና» ይባላል። ፎቅ ላይ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ፈተናም ቃለ መጠይቅም ሳይኖር «አልፈሃል» ይሉትና መመዝገቢያ ይጠይቁታል። ቀጥሎ የሥልጠና፣ ከዚያም የዩኒፎርም ይመጣል። በመጨረሻ ስልኩ አይነሳም። በቴሌግራም የሚመጣው ማታለያ ደግሞ ቪዲዮ «ላይክ» ላደረገ መጀመሪያ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ እምነት ሲያገኝ «ደረጃህን ለማሳደግ አስገባ» ይላል። የገባው ብር አይወጣም።

መለያው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እየሄደ እንደሆነ ማየት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎታል። ለውጭ አገር ሥራም አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። «መጀመሪያ ክፈል» ያለ ሁሉ ወረቀቱ ምንም ቢያምር ሊታመን አይገባም።

የከተማው ማታለያ ኪስ ያራቁታል። ድንበር የሚሻገረው ግን ሰውየውን ራሱን ይወስዳል። «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ ደመወዝ በዶላር» የተባሉ ወጣቶች ባንኮክ ያርፋሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ወደ ድንበር ከተማዋ ሜሶት ይወሰዳሉ፤ የሞይ ወንዝን ሲሻገሩ ምያንማር ናቸው። እዚያ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ፓስፖርታቸው ተቀምቶ፣ የማያውቁትን ሰው በሐሰት ፍቅርና በክሪፕቶ እንዲያታልሉ ይገደዳሉ፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የካረን ታጣቂ ቡድን ለታይላንድ ካስረከባቸው ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ይህን ዜና ሰምቶ «እነሱም አጭበርባሪዎች ናቸው» ያለ አልጠፋም። አንድ ሰው በኮረንቲ እያሰቃዩት የጻፈውን መልእክት በገዛ ፈቃዱ እንደጻፈው መቁጠር ግፍ ነው። ቤተሰብ ለማስለቀቂያ የተበደረውም ዕዳ ከልጁ ጋር አብሮ ይመለሳል። መልማዩ ግን ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ የሚያውቁት ሰው፣ አንዳንዴም ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ነው። ተመላሾች ቦሌ ሲደርሱ ፖሊስ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገባው ማን እንደመለመላቸውና ብሩ በማን ሒሳብ ቁጥር እንደገባ ነው።