ሆሳዕና ላይ ያልተፈተነ ጉልበት

«ሃይሉክስ ይበልጣል»፣ «የለም፣ ዲማክስ» የሚለው የፒክአፕ ክርክር ሆሳዕና ውስጥ የማይገባበት ቤት የለም። ጋራዥ ውስጥ ይነሳል፣ ሻይ ቤት ይቀጥላል፣ ለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር በሹክሹክታ ይሰማል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆቻችን ቪዲዮ በስልክ እየላኩ ፎርድ ሬንጀርንም ጨምረውበታል። እኔ ይህን ክርክር ከልቤ ጠልቼዋለሁ። መኪና ስለማልወድ አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ከሩቅ የምለይ ሰው ነኝ። የጠላሁት ክርክሩ የሚረታበት ቁጥር መንገዳችን ላይ ሰው እያስገደለ ስለሆነ ነው።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ባለ 2.8 ሊትሩ አዲስ ሃይሉክስ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው፣ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው። ባለ 3.0 ሊትሩ ዲማክስ 190 እና 450። ባለ ሁለት ቱርቦው 2.0 ሊትር ሬንጀር 210 እና 500። የሦስቱም ካታሎግ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ 3,500 ኪሎ ይጎትታል ይላል። ወንድማማች የሚያኳርፈው ልዩነት ይኸው ነው። ከሦስቱ አንዱን ዓይንህን ጨፍነህ ብትነዳው የትኛው እንደሆነ በጉልበቱ ብቻ አትለየውም።

ይባስ ብሎ ክርክሩ በአዲሶቹ ስም ይካሄድና ጭነቱ በአሮጌዎቹ ላይ ይወጣል። ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሺንሺቾ፣ ከዶዮገና ወደ አረካ የሚመላለሱት ፒክአፖች አብዛኞቹ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ባለ 3.0 ሊትር የድሮ ሃይሉክስ ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ ጉልበቱ መቶ ፈረስ አካባቢ፣ ቶርኩ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር። ባለቤቱ ግን የአዲሱን ቁጥር በቃሉ ይዞ «ይኼ እኮ ሦስት ቶን ተኩል ነው» ይላል። 25 ኩንታል ድንች ይጭናል። ከድንቹ ላይ ደግሞ ሰው ይሰቅላል።

እዚህ ላይ ልጩህ። 3,500 ኪሎ የተባለው መጎተት ነው፤ መሸከም አይደለም! የራሱ ጎማ፣ የራሱ አክስል፣ የራሱ ፍሬን ያለው ተጎታች ከኋላ ተቀጥሎ ማለት ነው። ተጎታቹ ፍሬን ከሌለው የተፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይኼም እዚያው ካታሎግ ላይ ተጽፏል፣ ግን ማንም አያነብበውም። በሬ ትልቅ ግንድ ይጎትታል፤ ያንኑ ግንድ ጀርባው ላይ ብታስቀምጥበት ወገቡ ይሰበራል።

መጎተቱም ቢሆን ካታሎጉ እንደሚያስጮኸው አይደለም። አውስትራሊያ ሲሸጥ የቆየውን ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ ደብል ጋቢና እንውሰድ። መኪናውና ተጎታቹ በአንድ ላይ ከ5,850 ኪሎ መብለጥ የለባቸውም። 3,500ውን ከዚህ ላይ ቀንስ፤ ለመኪናው የሚቀረው 2,350 ነው። መኪናው ባዶውን ከ2,100 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ሹፌሩን፣ ሦስት ጓደኞቹንና ትንሽ ዕቃ ስትጨምር ሒሳቡ አለቀ። ሙሉ ተጎታች ከጎተትክ ጭነት የለህም፤ ሙሉ ጭነት ከጫንክ ሙሉ ተጎታች የለህም። ሻጩ ይህን ሒሳብ ለገዢው ሠርቶ የማሳየት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ ገዢውም ሳይሠራለት ፊርማውን ማኖር የለበትም።

ደግሞስ እኛ አገር በፒክአፕ የሚጎትት ማን ነው? ፈረንጅ ጀልባ ይጎትታል፣ ፈረስ የሚጫንበት ተጎታች ይጎትታል፣ ቤት የሚያክል ተጎታች ይዞ ለሽርሽር ይወጣል። የእኛ ፒክአፕ የዶዮገናን ድንችና ጎመን፣ የሐደሮን ዝንጅብል፣ ቆጮና ቡላውን፣ ልጅ ከጆሃንስበርግ በላከው ብር የሚሠራውን ቤት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ለእኛ የሚያስፈልገው ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ነው፤ ለአብዛኞቹ ፒክአፖች አሥር ኩንታል ገደማ። ስለዚህኛው ቁጥር ሲከራከር የሰማሁት ሰው የለም።

ከፍታው ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ ከባሕር ዳርቻው አየር አራት እጅ አንዱ ገደማ የለም። ሞተር የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር ነው። ቱርቦ ያለው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱን ብዙውን ይቋቋመዋል፤ ቱርቦ የሌለው ግን ከጉልበቱ ሩቡን ያህል እዚሁ ተራራ ላይ ይጥላል። መቶ ፈረስ የነበረው ሰባ አምስት፣ ቢበዛ ሰማንያ ሆኖ ነው ወደ ዶዮገና የሚወጣው። ውኃም እዚህ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ የተበላሸ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ቀድሞ የሚያጨሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካኖች የመጎተት አቅምን የሚፈትኑበት ደንብ አላቸው። አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባል ቦታ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት ይወጣሉ፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር መውረድ የለበትም። ጥሩ ፈተና ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን የዳገቱ ጫፍ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ የሆሳዕናን ግማሽ ማለት ነው። እነሱ የሚጨርሱበት ከፍታ እኛ ከምንጀምርበት በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የፈተና ውጤት ይዞ «መኪናዬ ተፈትኗል» የሚለኝ ሰው ስለ እኛ መንገድ የነገረኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሕጉ ልክ አሥር ኩንታል የጫነ ፒክአፕ ጠቅላላ ክብደቱ ሦስት ቶን አካባቢ ነው። ይህ መኪና በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃዋል። የተዳከመው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ሰባ አምስት ፈረስ የቀረው አሮጌ ሃይሉክስ እንኳ ይወጣዋል! 25 ኩንታል ስትጭንበት ግን አራት ቶን ተኩል ይሆንና 75 የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ ይፈልጋል፤ ይኼ ደግሞ የለውም። ያኔ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሹፌሩም «ይቺ መኪና ጉልበት የላትም፣ ዲማክስ ነበር የሚያስፈልገኝ» ይላል። እንግዲህ የሃይሉክስና የዲማክስ ክርክር በእኛ ከተሞች ምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር፤ በሊብሬው ልክ ለሚጭን ሰው ሁሉም ይበቁታል፤ የምንከራከረው የትኛው ከሕግ በላይ እንደሚያስጭነን ነው።

መካኒኩም ተባባሪ ነው። «ባሌስትራ ጨምርልኝ» ይሉታል፣ ይጨምራል። የኋላው ከፍ ይላል፣ መኪናው ኩሩ ይመስላል፣ ባለቤቱ አቅሙ ያደገ ይመስለዋል። ባሌስትራ ሲጨመር የሚጠነክረው ባሌስትራው ብቻ ነው። አክስሉ ያው ነው፣ ሻንሲው ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጭነቱ ከኋላ አክስል አልፎ ሲንጠለጠል የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ። መሪው የሚታዘዘው፣ ፍሬኑም በዋናነት የሚይዘው በፊት ጎማዎች ነው። ስለዚህ መኪናው ሲከብድ መሪውም ፍሬኑም አብረው ይደክማሉ።

ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታው በ500 ሜትር የሚቀንስ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሞተሩና አየሩ ካልያዙለት፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። አራት ቶን ተኩል ሲሆን ከ70 ሊትር በላይ። ይህ ሁሉ እሳት የሚገባው በአራት ጎማዎች ውስጥ ባሉ ጥቂት ብረቶች ነው። ፍሬን ሸራው ይቃጠላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ፔዳሉ ይላላል፣ ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። በዚያች ሰዓት 204 ፈረስ ምንም አያደርግልህም። የሚያድንህ ቁልቁለቱን ሳትጀምር ዝቅ ያለ ማርሽ አስገብተህ መውረድህ ነው፤ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» እያሉ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር። ዛሬ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ አስገብቶ የሚወርድ ወጣት አይቻለሁ፤ ከኋላው ከጆንያው ላይ እናቶች ተቀምጠው ነበር። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። አልሰማኝም፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ነበር።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «አሥር ኩንታል ጭነን የናፍጣ ዋጋ እንኳ አንመልስም፤ ቤተሰብ አለን» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጎማና መለዋወጫ የት እንደደረሰ እያየሁ ሹፌሩን ብቻ አልወቅስም። የምወቅሰው ዝንጅብልና ድንቹን የሚረከበውን ነጋዴ ነው፤ በኩንታል የሚከፍለው ዋጋ ሹፌሩ በልኩ ጭኖ መኖር እንዳይችል ተደርጎ የተቆረጠ ነው። የምወቅሰው ጭነቱን እያየ የሚያሳልፈውን ተቆጣጣሪ ነው። በየዓመቱ በአገራችን መንገዶች በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል፤ ከዚያ ውስጥ ጭነት ላይ ተሰቅሎ የሚሄደውን ድሃ ገበሬ የትኛው የሞተር ጉልበት ይመልስልናል?

ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ ወንድሞቼም የምለው አለኝ። የምትኖሩት እነዚህ መኪኖች በሚሠሩበት አገር ነው፤ ሃይሉክስ ደርባን፣ ሬንጀር ፕሪቶሪያ፣ ዲማክስ ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው ከተማ ይገጣጠማሉ። እዚያ ባኪ የሚሉትን መኪና ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደርባን ላይ እንደሚሮጠው ጆሃንስበርግ ላይ እንደማይሮጥ፣ ምክንያቱም ከፍታው እንደሆነ፣ እዚያ ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ይህን ለታናሽ ወንድማችሁ ለምን አትነግሩትም? ላባችሁን አፍስሳችሁ፣ ሱቃችሁ እየተዘረፈ፣ ያጠራቀማችሁትን ብር ለመኪና ስትልኩለት የፈረስ ጉልበቱን አትጠይቁት። የፍሬን ሸራው መቼ ተቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመቱ ነው፣ ስንት ኩንታል ትጭናለህ ብላችሁ ጠይቁት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ እኛም ዘንድ ደርሷል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ሲነሳም ሙሉ ቶርኩን ይዞ ነው። የምፈራው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በመጣ ጊዜ ይኸው ፉክክር በአዲስ ቁጥር እንዳይቀጥል ነው። ባትሪ ራሱ ከባድ ነው፤ የመጫን አቅምን ይበላል።

ይህን ፉክክር የሚዘጋው በራሳችን መንገድ ላይ የተለካ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚያስተምሩትንና የሚማሩትን እጠይቃለሁ። አንድ አሮጌ ሃይሉክስ፣ አንድ ዲማክስ፣ የሚዛን ጣቢያ፣ የሙቀት መለኪያና ሰዓት በቂ ነው። አሥር አሥር ኩንታል አሸዋ ጫኑባቸው። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና አውጧቸው፣ ከዶዮገና ወደ አረካ አውርዷቸው፤ ዳገቱን በስንት ደቂቃ እንደጨረሱ፣ ቁልቁለቱ ማብቂያ ላይ ፍሬናቸው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ጻፉ። ሁለተኛውን ዙር ሰው በሌለበት መንገድ፣ በጥንቃቄ፣ ጭነቱን ጥቂት ከልኩ አሳልፋችሁ ሞክሩና የፍሬኑ ሙቀት በምን ያህል እንደጨመረ ከፊተኛው ጎን አስቀምጡት። ውጤቱን በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ አትማችሁ ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ዱራሜ ገበያና ሐደሮ የዝንጅብል ማራገፊያ ላይ ለጥፉት። አሸዋውን የሚጭን ሰው ካጣችሁ እኔ አካፋ ይዤ እመጣለሁ።